የሽታዬ እርማት

አዳማ ውስጥ መጽሐፍ ለማሳተም ያሰበ ሰው፣ ማተሚያ ቤት ከመድረሱ በፊት አንድ ቀን ሽታዬ ዘንድ ብቅ ማለቱ አይቀርም ነበር። ከአሮጌው መናኸሪያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዙለይካ ጋር በጋራ የተከራየቻት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በግራ በኩል የዙለይካ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በቀኝ በኩል የሽታዬ ኮምፒውተር። ኦሮምኛውን ዙለይካ ትጽፋለች፣ አማርኛውን ሽታዬ። ቀኑን ሙሉ የሚመጣው ሥራ የቤት ኪራይ ውል፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የዕድር ደብዳቤ ነው። ግን በወር አንዴም ሁለቴም፣ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር የያዘ ሰው በሩ ላይ ይቆማል። ሽታዬ እንዲህ ያለውን ሰው ገና ከሩቅ ትለየዋለች። ሌላው ባለጉዳይ ይጣደፋል፤ እሱ ግን ወረፋው ሁሉ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

«ጨርሰኸዋል?» ትለዋለች በመጀመሪያ።

«ትንሽ ይቀረኛል።»

«እንግዲያው ጨርሰህ ተመለስ። ያላለቀ አልነካም።»

ከተመለሰ ደግሞ ምክሯን ታወርድበታለች። በወረቀቱ በአንድ ፊት ብቻ ጻፍ፣ ጀርባውን ለእርማት ተወው። ገጹን ቁጥር ስጠው፤ ከደራ የመጣ አንድ መምህር ቁጥር ያልሰጠውን ረቂቅ ይዞ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጦ ነፋስ በተነበት፣ የሰበሰበውንም በቅደም ተከተል ማስቀመጥ አቅቶት ተወው። ምስጋናህን መጨረሻ ላይ ጻፍ፤ ከምስጋና የጀመረ ሰው መጽሐፉን ሲጨርስ አላየሁም። ሚስትህ ወደደችልህ? እሷን ተዋት፣ አንተን የማይወድህ ሰው ያንብብልህ። ማተሚያ ቤት ስትሄድ የሽፋን ቀለም አሳይተው ሊሸኙህ ይፈልጋሉ፤ አንተ የውስጡን ወረቀት ዳብሰው፣ ጥራዙንም ሳብ አድርገህ እየው። የእርማት ቅጂ ሲሰጡህ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው አንብብ፤ ከመጀመሪያው ከጀመርክ ታሪኩ ይዞህ ይሄድና ስህተቱን አታየውም።

ለዚህ ሁሉ ምክር አታስከፍልም። የምታስከፍለው ለጽሑፉ ብቻ ነው። ስትጽፍ ግን ታርማለች፤ ይኸንንም ማንም ለምኗት አያውቅም። አረፍተ ነገሩ ሲንጋደድ ታቃናዋለች፣ የገበያ ቃል ስታገኝ ታወጣውና የተሻለ የምትለውን ትተካለች። በዚህ ሁኔታ በእጇ ያለፉ መጻሕፍት አሥራ ሰባት ናቸው። በአንዳቸውም ላይ ስሟ የለም። እሷም ይጻፍልኝ ብላ አታውቅም።

ሽታዬ የምንጃር ልጅ ናት። አባቷ ገበያ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉ ነበሩ፤ አንድ ቃል ካላማራቸው ሙሉውን ወረቀት ቀደው እንደገና የሚጀምሩ። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ናዝሬት መጥታ የታይፕ ትምህርት ቤት ገባች፤ ከተማው ያን ጊዜ በዚህ ስም ነበር የሚጠራው። ከዚያ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ተቀጠረች። ፍጥነቷና ጥራቷ የተመሰከረላት ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ የሥራ ቋንቋ ሲቀየር ግን የአማርኛ ታይፒስት አላስፈለገም፤ ዕቃ ግምጃ ቤት መደቧት፣ እሷም ስድስት ወር ቆይታ ለቀቀች። ባሏ በስኳር በሽታ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ከሁሉ የቀራት የማይነቀፍ አማርኛዋ ነበር፤ እሱን አጥብቃ ያዘች።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ መርዳሳ ጫምሳ መጣ።

ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ነበር። ቅንድቡና የጆሮው ጫፍ ነጭ ነው፤ ሽበት መስሏት ስታየው ዱቄት ሆኖ አገኘችው። ወለንጪቲ ላይ የእህል ወፍጮ አለው። ዘጠኝ ደብተሮች በንጹሕ የዱቄት ከረጢት አድርጎ ይዟል።

«ጨርሰኸዋል?»

«ጨርሻለሁ፣ እትዬ።»

«ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«መጻፉ ሁለት ዓመት ነው የፈጀብኝ» አለ መርዳሳ። «ለመጀመር ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

ስለ አባቱ እንደሆነ ነገራት። ጫምሳ በቦሰት ገጠሮች እየዞረ በእጁ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ነበር፤ የሞተውም ጉድጓድ ውስጥ ነው። መርዳሳ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር።

«በኦሮምኛ ለምን አልጻፍከውም?» አለችው።

«ፊደል የቆጠርኩት በአማርኛ ነው። ቁቤው የመጣው እኔ ትምህርቴን ከተውኩ በኋላ ነው። አፌ ኦሮምኛ ነው፣ እጄ አማርኛ።» ደብተሮቹን ከከረጢቱ አወጣ። «ለእናቴ ነው የጻፍኩት። ሰማንያ አልፏታል፣ በቁሟ እንዲደርስላት ነው።»

«ታነባለች?»

«አታነብም። ይነበብላታል።»

«ታዲያ አጠገብህ ላለች እናትህ መጽሐፍ ምን ያደርጋል? አትነግራትም?»

መርዳሳ ከረጢቱን አጣጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው። «ሞክሬ ነበር» አለ። «አልወጣልኝም።»

ሽታዬ በማግስቱ ጀመረች። ጽሑፉን ስታየው መጀመሪያ አልጣማትም። አረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። አንዳንዱ ግሡ ከመሃል ይመጣል። አባትየው ደግሞ በኦሮምኛ ነው የሚናገረው፤ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ። ከጉድጓዱ ሆኖ «ኦል» ይላል፣ አፈሩን ወደ ላይ ሳበው ማለቱ ነው። «ጋዲ» ይላል፣ ባልዲውን ወደ ታች ላከው ማለቱ ነው። ገጽ ሙሉ ኦልና ጋዲ ብቻ የሆነበት ቦታ አለ። ሽታዬ ሁሉንም አወጣች። በምትኩ «ልጄ ሆይ፣ የቆፈርኩትን አፈር ወደ ላይ ሳብልኝ» አለች።

ዙለይካ ፎቶ ኮፒ ስታነሳ በሽታዬ ትከሻ በኩል ጽሑፉን አየችው።

«እትዬ ሽታዬ፣ ይኼ ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይኼን ሁሉ ያወራል? አፈር አፉ ውስጥ ይገባል እኮ።»

«መጽሐፍ ነው» አለች ሽታዬ። «ሰው መጽሐፍ የሚገዛው የመንገድ ወሬ ሊሰማበት አይደለም።»

ዙለይካ ደብተሩን አንስታ ቆማ አነበበች። ሁለት ገጽ አነበበች፣ አራት ገጽ አነበበች። ደንበኛ መጥቶ ሲጠራት እንኳ አልሰማችም። «የእኔም አባት እንደዚህ ነበር የሚናገረው» አለች በመጨረሻ፣ ደብተሩን ቦታው እየመለሰች። ሽታዬ መጻፏን ቀጠለች።

ስምንተኛው ደብተር ላይ የጫምሳ ሞት አለ። ገመድ የሚይዘው የጫምሳ ባልደረባ በዚያ ቀን ወባ ይዞት ቀረ። ሥራው የተቀጠሩበት ስለሆነ ጫምሳ ልጁን ይዞ ሄደ። ገመዱን በራሱ ወገብ አሰረ፣ ሌላውን ጫፍ ልጁ በወገቡ ዙሪያ ጠመጠመ። ጉድጓዱ ከሃያ ክንድ በላይ ወርዶ ነበር። ከቀትር በኋላ የጉድጓዱ ግድግዳ በአንድ ጎኑ ተናደ፤ አፈሩ ጫምሳን እስከ ደረቱ ቀበረው። ልጁ ሳበ። አፈሩ እንደገና ተናደ። ልጁ የቆመበት አፋፍ ራሱ ወደ ውስጥ መንሸራተት ጀመረ። አባቱ ከታች ጮኸ፤ «ገዺሲ» አለው። ልቀቅ ማለት ነው። ልጁ አልለቀቀም። አባቱ ደግሞ ጮኸ። «ገዺሲ።» ከዚያ በሚቀጥለው መስመር ላይ መርዳሳ አንድ ቃል ብቻ ጽፏል።

«ለቀቅኩት።»

ከቃሉ በታች የገጹ ግማሽ ባዶ ነው።

ሽታዬ እጇን ከኮምፒውተሩ አንስታ ቆየች። ሻይ አዝዛ ጠጣች። አባቱን የለቀቀ ልጅ። ይኼን ሰው ማን ይወደዋል? አንባቢ ተራኪውን ካልወደደ መጽሐፉን ያስቀምጠዋል፤ ይኼን ለስንቱ ነግራለች። ደግሞም አዘነችለት። በገዛ እጁ ራሱን ሲከስስ ዝም ብዬ ላትምለት እንዴ አለች። ከዚያ እንዲህ ብላ ጻፈች። «አባቴም፣ ልጄ ሆይ፣ ገመዱን አጥብቀህ ያዝልኝ አለኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ያዝኩት። ነገር ግን ገመዱ ተበጠሰ።»

መርዳሳ ሲመጣ ጽሑፉን አትማ ሰጠችው። «ከኋላ ወደ ፊት አንብበው» አለችው። «እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርም። ከፈረምክ በኋላ ማተሚያ ቤቱ አይጠየቅም፣ እኔም አልጠየቅም።»

ሁለት ሳምንት ወሰደ። ሲመልሰው ሁሉም ገጽ ላይ ፊርማው ነበረበት።

«የሚለወጥ አለ?»

«የለም» አለ መርዳሳ፣ ዐይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ። «አማርኛው አምሯል።»

ሽታዬ ደስ አላት። ስለ ጀርባ ሽፋኑ መከረችው፣ የት ማተሚያ ቤት እንደሚሄድ ነገረችው። የማሳተሚያው ገንዘብ እናቱ ከሸጡት ጊደር መጣ። «የጫምሳ ጉድጓዶች» ተብሎ አምስት መቶ ቅጂ ታተመ።

ምረቃው ከፋሲካ በኋላ፣ በአንድ እሑድ፣ ወለንጪቲ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ተደረገ። ሽታዬና ዙለይካ በሚኒባስ ሄዱ። ሙቀቱ የአዳማን የሚያስንቅ ነበር። ወንበሮቹ በሰው ተሞልተዋል፤ የወፍጮው ደንበኞች፣ የዕድሩ ሰዎች፣ ሁለት ሦስት መምህራን። ከፊት ረድፍ የመርዳሳ እናት አደ ሎሚ ተቀምጠዋል፤ ቀጭን ሴት ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት እጃቸውን በምርኩዛቸው ላይ ደራርበው። መርዳሳ ከጎናቸው ነው። አዲስ ኮት ለብሷል፣ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል።

ንግግር ተደረገ። ቀጥሎ አንድ መምህር መጽሐፉን ይዞ ተነሣና የአባትየውን አሟሟት ማንበብ ጀመረ። ድምፁ የሚያምር ሰው ነበር። ሽታዬ ዐይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ እያንዳንዱ አረፍተ ነገር የእሷ ነው። «ልጄ ሆይ፣ ገመዱን አጥብቀህ ያዝልኝ» አለ መምህሩ፣ እጁን ዘርግቶ። «ባለ በሌለ ኃይሌ ያዝኩት። ነገር ግን ገመዱ ተበጠሰ።»

«ፉንዮን ሂን ጪንኔ» አሉ አደ ሎሚ።

ጮክ ብለው አልነበረም። ግን ከፊት ስለነበሩ መምህሩ ሰማቸውና ቆመ። ይቅርታ እናቴ፣ ምን አሉ አላቸው።

«ገመዱ አልተበጠሰም» አሉ በአማርኛ፣ ለእንግዶቹም እንዲሰማ። «ሰዎቹ በሦስተኛው ቀን ቆፍረው ሲያወጡት ከወገቡ ፈትቼ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ደህና ገመድ ነው። አልጋዬ ሥር አለ።» ከዚያ ወደ መጽሐፉ በምርኩዛቸው ጠቆሙ። «ይኼ የሚናገረው ሰው ደግሞ ማን ነው? ጫምሳ እንዲህ አይናገርም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ዝም አሰኘው። አደ ሎሚ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ገመዱ ካልተበጠሰ ምን ሆነ?»

መርዳሳ ተነሣ። አፉን ከፈተ። አዳራሹን አየ፣ መምህሩን አየ፣ ከዚያ ሽታዬ ወደተቀመጠችበት አየ። ሽታዬ ዐይኗን አሸሸች። መርዳሳ በወንበሮቹ መካከል አልፎ በጎን በር ወጣ።

ያን ጊዜ ተነሥታ «ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብትል ኖሮ፣ ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። ሽታዬ ይኼን በኋላ ስንት ጊዜ እንዳሰበችው ቁጥር የለውም። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው ዞሮ ያየኛል አለች። አልተነሣችም። ሰዉ እያንሾካሾከ ተበተነ፤ ለእንግዶች የተዘጋጀው ለስላሳ በሳጥን ውስጥ እንዳለ ቀረ።

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ዙለይካ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። «ተነሥተው ሊናገሩለት ይገባ ነበር» አለች፤ ከዚያ እስከ አዳማ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

በሦስተኛው ሳምንት መርዳሳ መጽሐፎቹን በዱቄት ጆንያ ጭኖ መጣ። ሰባ የሚሆኑት በምረቃው ቀን ተወስደዋል፤ የቀሩት እነዚህ ናቸው። ጆንያዎቹን ከግድግዳው ጋር አስደገፈና ራሱ በደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ለዕቃ መጠቅለያም ቢሆን ይሁንልዎ። እቤት ማስቀመጥ አልቻልኩም።»

ሽታዬ ወደ ጆንያዎቹ አየች። «ስታነበው ለምን አልነገርከኝም?» አለች። ይኼን ልትለው አልፈለገችም ነበር።

«አንብቤዋለሁ» አለ። «እንዳሉኝ ከኋላ ጀመርኩ። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ገመዱ ተበጠሰ ይላል። ደስ አለኝ፣ እትዬ። ክፉው ነገር እሱ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱን ገጽ ብቻ ነው ያነበብኩት። እንዲህ ጥርት ብሎ ተጽፎ ሳየው፣ አዎ፣ እንደዚህ ነበር የሆነው አልኩ። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።»

«ለእናትህስ አሁን ነግረሃቸዋል?»

«ነገርኳት። ለቀቅኩት አልኳት፣ አባቴ ልቀቅ ብሎኝ ነው አልኳት። መጽሐፍህ ተበጠሰ ይላል፣ አፍህ ለቀቅኩ ይላል፣ የትኛውን ልመን አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።» መዳፉን በጉልበቱ ላይ ፈተገ። «ገበያው ደግሞ የራሱን ይዟል። ገመዱን እሱ ነው የቆረጠው ይላሉ። እህላቸውን ሌላ ወፍጮ የሚወስዱ አሉ።»

ሽታዬ የመጀመሪያዎቹን ደብተሮች ጠየቀችው። ለእናቱ ከደብተሩ ላይ እንዲያነብላቸው ልትመክረው ነበር።

«አቃጠልኳቸው» አለ። «መጽሐፉ የወጣ ዕለት። ከእንግዲህ ምን ያደርጉልኛል ብዬ።»

እሷም ጋ የለም። ስትጽፍ እያረመች ስለነበር፣ የመርዳሳ ቃል አንድ ቀን እንኳ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ከሄደ በኋላ ወረቀት አውጥታ የምታስታውሰውን ለመጻፍ ሞከረች። ኦል፣ ጋዲ፣ ገዺሲ፣ ለቀቅኩት። ከዚህ አላለፈላትም። አሥራ ሰባቱን መጻሕፍት አሰበች፤ ከእነሱስ ምን እንዳወጣች አንዱንም አታስታውስም።

በሰኔ መጀመሪያ ብቻዋን ወለንጪቲ ሄደች። አደ ሎሚ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሽታዬ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችና ሳትቀመጥ ተናገረች። መጽሐፉን በኮምፒውተር የጻፈችው እሷ እንደሆነች፣ ልጃቸው ለቀቅኩት ብሎ እንደጻፈ፣ ተበጠሰ ያለችው እሷ እንደሆነች ነገረቻቸው።

አደ ሎሚ ሰምተው ጨረሱ። «አንቺ ጉድጓዱ ጋ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

ሽታዬ አቀረቀረች።

«እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቃለሁ» አሉ አደ ሎሚ። «ገመዱ ደህና ነው፣ ልጄ ደህና ነው። ይኼን አይቶ ማን ያጣዋል? ጫምሳ ልቀቅ ብሎት ነው እንጂ መርዳሳ አይለቅም። እንዲነግረኝ ነበር የጠበቅኩት። ልጅ ነው አልኩ፣ ይደግ አልኩ፣ አግብቶ ይውለድ አልኩ። መጽሐፍ ጻፍኩ ሲለኝ፣ አሁን ሊነግረኝ ነው ብዬ ጊደሬን ሸጥኩ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱን ይማሩት።»

«መጽሐፉ ላይ የማን ስም ነው ያለው?»

«የእሱ።»

«ያንቺ አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው ሂጂ» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። የደከማቸው ይመስሉ ነበር።

ሽታዬ ከተመለሰች በኋላ ማተሚያ ቤቶች ስህተት ሲገኝ መጽሐፉ ውስጥ የሚለጥፉትን የእርማት ወረቀት አሰበች። ስንቱን ደራሲ በዚህ አስፈራርታዋለች፤ ካልተጠነቀቅክ ትለጥፋለህ፣ መጽሐፍህን ያበላሸዋል ትል ነበር። ቁጭ ብላ ጻፈችው። አራት ጊዜ ጀምራ አራት ጊዜ አጠፋችው። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለ፦ «እርማት። በገጽ 143 ላይ ጫምሳ የተናገረው ገዺሲ የሚል ቃል ብቻ ነው፤ ትርጉሙ ልቀቅ ነው። ገመዱ ተበጠሰ የሚለው፣ ለቀቅኩት ተብሎ ይነበብ። ስህተቱ የደራሲው ሳይሆን የታይፒስቷ የሽታዬ ተክለማርያም ነው።»

ዙለይካ አባዛችላት፣ በመቀስም ቆረጠችላት። ሽታዬ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ እየለጠፈች ክረምቱ ገባ። ሙጫው ጣቷን ላጠው። አራት መቶ ሠላሳውንም ለጠፈች።

በነሐሴ አንዱን ቅጂ ይዛ ሄደች። መርዳሳ ወፍጮው ውስጥ ብቻውን ነበር፤ ሞተሩ ቆሟል። ራሱን ተላጭቷል፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ሽታዬ ሳትጠይቀው ገባት።

«መቼ?» አለች።

«ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው።»

«አልሰማሁም። እግዜር ያጥናህ።»

«አሜን።»

ሚዛኑ አጠገብ ያለው ጆንያ ላይ ተቀመጠች። «ሳያናግሩህ ነው የሞቱት?» አለችው። መርዳሳ አዎን ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ውኃ ሲሰጣቸው ከእጁ ይጠጡ ነበር፤ ቃል ግን አልወጣቸውም።

መጽሐፉን ሰጠችው። የተለጠፈውን ወረቀት አግኝቶ አነበበው። በጣቱ ጫፍ ጠርዙን ዳሰሰ። ዱቄት ያለበት ጣቱ ወረቀቱ ላይ ምልክት ተወ።

«ልክ ነው» አለ። «እንደዚህ ነው የሆነው።»

«ሌሎቹም ውስጥ አለ። ሁሉም ውስጥ።»

«ጥሩ አድርገዋል።» መጽሐፉን ዘግቶ መለሰላት። «እኔ ግን ለማን ላንብበው?»

ሽታዬ መጽሐፉን ተቀበለች። ሁለተኛውን እትም አሳትምልሃለሁ፣ በራስህ ቃል እንደገና ጻፈው ልትለው መጥታ ነበር። ፊቱን አይታ ተወችው። አንዲት ሴት ገብስ አዝላ ገባች፤ መርዳሳ ተነሥቶ ሞተሩን ቀሰቀሰና ከዚያ በኋላ መነጋገር አልተቻለም።

ከዚያ ወዲህ መርዳሳ አንድም መስመር አልጻፈም። አንዳንድ መጽሐፍ ሻጮች ጥቂት ቅጂዎች ወስደዋል፣ ጥቂት ተሸጧል። የሚበዛው ዛሬም ሽታዬ ክፍል ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር ነው፤ ስትቀመጥ ጉልበቷን ይነካታል።

ደብተር የያዙ ሰዎች መምጣታቸውን አልተዉም። ሽታዬ አሁን የምትጽፈው የተጻፈውን ነው። ግሡ መሃል ከሆነ መሃል ይሆናል። ፊደል ተሳስቶ እንኳ ብታይ በእርሳስ ከሥሩ አስምራ ታሳያለች እንጂ ራሷ አትነካውም። አንዳንዶቹ ይቀየማሉ። እርስዎ ያሳምሩታል ብለውኝ ነው የመጣሁት ይሏታል። አንድ የሞጆ ሰው፣ ለመገልበጥማ ማንም ይገለብጣል ብሎ ደብተሩን ነጥቋት ሄዷል።

ባለፈው ሳምንት ሊዲ የምትባል፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ልጅ መጣች። ከፈረቃ ወጥታ ነው፣ ዐይኗ ቀልቷል። ሁለት ወፍራም ደብተር ጨርሳለች። ገጹ ቁጥር አለው፣ ጀርባው ባዶ ነው፤ ስለ ሽታዬ ከሰው ሰምታ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው።

«ስለ ማን ነው?» አለቻት ሽታዬ።

«ስለ እህቴ። በእሷ ላይ ስለደረሰው ነገር።»

«በሕይወት አለች?»

«አለች። መተሐራ ነው የምትኖረው።»

«አንብበሽላታል?»

ሊዲ ደነገጠች። «ኧረ አልሰማችም። መጽሐፉ ሲወጣ ነው የምትሰማው።»

ሽታዬ ደብተሮቹን አልከፈተቻቸውም። በሁለት እጇ አንስታ መልሳ ሰጠቻት።

«መጀመሪያ መተሐራ ሂጂ» አለቻት። «አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢላት። አቁሚ ካለችሽ አቁሚ። እንዲህ አልነበረም ካለችሽ ጻፊው። ከዚያ አምጪልኝ፣ አንድ ቃል ሳልነካ እጽፍልሻለሁ።»

«እምቢ ብትለኝስ?»

«እምቢ ልትልሽ ትችላለች።»

ልጅቷ ደብተሮቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አመሰግናለሁ አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ምስጋና አልነበረም። ወጥታ ሄደች።

«እንዲህ እያሉ ማን ይቀርልዎታል?» አለች ዙለይካ፣ ወረቀት እየጨመረች።

አንድ ባለጉዳይ የኪራይ ውል ይዞ ገብቶ ነበር፤ ሽታዬ ተቀበለችውና የአከራይን ስም መጻፍ ጀመረች። ሊዲ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።